እግር ብቻ የወጣበት ፊልም

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ፀሐይ ላይ የሚሰጣው በርበሬና ብቅል ብቻ አልነበረም፤ የቴፕ ባትሪም ይሰጣ ነበር። እናታችን ብቅሉን ሰሌን ላይ ስትዘረጋ ታላቅ ወንድሜ ከጎኗ ተንበርክኮ የደከሙ ባትሪ ድንጋዮቹን በተርታ ይደረድራል። ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፤ ለአንድ ዘፈን፣ ቢበዛ ለሁለት። ዶሮዎቹ መጥተው ጫር ጫር አድርገውት ሲያልፉ እናታችን፣ «ለመሆኑ ይሄስ ሲደርቅ ይፈጫል ወይስ ይቆላል?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። በኔ እድሜ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሽታውን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፤ የሞቀ ብረትና የብቅል ሽታ አንድ ላይ።

ጽሑፍ ላይ ብርቱ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ላሊበላ ሥራ ያዝሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማመልከቻ በቀር ብዙ አልጻፍሁም። ወንድሜ ሙሉቀን ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አረፈ። ስለ እሱ አንድ ነገር ልጽፍ ብዬ ስንት ጊዜ ተቀመጥሁ። ስለ ሕመሙ ስጀምር እጄ ይቆማል። ስለዚህ ተውሁት። ስለ ፊልሙ ልጻፍ አልሁ። እሱም ቢጠየቅ ይሄንኛውን ይመርጥ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ላሊበላ ያን ጊዜ ዛሬ የምታውቋት አልነበረችም። ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ወይራና ጽድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ። ፈረንጅ አንዴ ብቅ ካለ ልጅ ሁሉ ጨዋታውን ጥሎ ይከተለዋል። ከጋሸና የሚመጣው መንገድ ጥርጊያ ስለነበር ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ መኪና የሚባል አይታይም። ስኳሩም ነጭ ጋዙም ደብዳቤውም ጋሸና ላይ ይቀራል። ሙሉቀን ደሴ በመምህርነት ሠልጥኖ ሲመረቅ የተመደበው እኛው ትምህርት ቤት ነው። የታሪክ አስተማሪዬ ሆነ ማለት ነው። ቤት ጋሼ እለዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ቲቸር ማለት አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን ተምታቶብኝ ክፍል ውስጥ «ጋሼ» ስል ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ማታ ደግሞ ቤታችን እራት ላይ እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ ውጭ ልውጣ?» ብዬ እናታችንን አስለቅሻታለሁ፤ በሳቅ።

ከደሴ ሲመጣ ያገለገለ ካሜራና ያገለገለ ቴፕ ይዞ ነበር። ፊልም ግን አንድ ብቻ። አንድ ቀን ከታሪክ ክፍለ ጊዜ በኋላ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ቤተ ክርስቲያኖቹን ዓለም ሁሉ መጥቶ አንስቷቸዋል። አጠገባቸው የሚኖረውን ሰውስ ማን አነሳው?» አለን። ጥያቄ መሆኑን አላወቅንም። «እናንተ ናችሁ የምታነሱት። ፊታቸውንም ቃላቸውንም» አለ። ክበቡ እንዲህ ተጀመረ። አሥር የማንሞላ ልጆች ነበርን፤ ገና ጢማችን ያልበቀለ፣ ድምፃችን ግን መጎርነን የጀመረ። ከመካከላችን አፈኛዋ ፋንታዬ ነበረች፤ ቀልደኛው ሲሳይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስናገር አፌ የሚተሳሰር፣ የአስተማሪው ወንድም ስለሆንሁ ብቻ ጎበዝ ነው የምባል ልጅ።

ፊልሙን እንዳናባክን በባዶ ክብሪት ቀፎ አስለመደን። የክብሪቱን ሆድ አውጥቶ ጥሎ፣ «በዚህ እዩ። ዓለም ሰፊ ናት፤ ከእሷ ላይ ይቺን ታህል ቆርጣችሁ መውሰድ ነው ሥራችሁ» ይለናል። ከዚያ በኋላ ከተማውን በክብሪት ቀፎ እያየን ነው የዞርነው። ሲሳይ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል እንዲህ እያየ ሲሄድ ጨው ከጫነች አህያ ጋር ተጋጨ። የአህያዋ ባለቤት ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ «አንተ ልጅ፣ የሰጠህ ዓይን ምን አንሶህ ነው በክብሪት የምታይ?» አሉት። ሲሳይም ሳያፍር፣ «አባባ፣ አህያዎ ከክብሪቱ ውጭ ስለነበረች ነው» አለ። ገበያው ሁሉ ሳቀ።

ቃላቸውን መቀበሉ ግን ከፎቶው ይከብድ ነበር። ላስታ ውስጥ ሽማግሌ ታሪክ ንገሩኝ ካልኸው ከንጉሡ ነው የሚጀምርልህ። ንቡ፣ መላእክቱ፣ ድንጋዩ በሌሊት እንዴት እንደተፈለፈለ። አንዱ ጋ ሰማን፣ ሌላው ጋ ሰማን፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ስለ ራሳቸው ስንጠይቃቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ «የኔ ነገር ደግሞ ምን ይወራል ልጄ?» ሙሉቀን ካሴቱን ሲሰማ ይተክዛል። «የንጉሡ ገድል ተጽፏል። የእነሱ አልተጻፈም። እነሱ ራሳቸው ያዩትን ጠይቁ» ይለናል። እንዴት ተደርጎ እንደሚጠየቅ ግን እሱም ገና አላወቀውም ነበር መሰለኝ።

አሁን ስለ እመት ስንዱ ልንገራችሁ። ከቤታችን በላይ፣ በአሸተን ማርያም መንገድ መውጫ ላይ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፣ አስናቀ የሚባል። ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመታት አልፈውታል። ደብዳቤ ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። በመጨረሻው ደብዳቤው ከሰላምታው በኋላ፣ «እማዬ፣ ፎቶሽን ላኪልኝ። ሌሊት ሌሊት መልክሽን ላስታውስ እሞክራለሁ፤ እየጠፋኝ ነው» ይላል። ይሄን ሳነብ እመት ስንዱ፣ «መልኬ ጠፋው» አሉ። ለእኔ አይደለም የተናገሩት። በሕይወታቸው ካሜራ ፊት ቀርበው አያውቁም። እኔም አፌ ሳይተሳሰር፣ «እኛ እናነሳዎታለን» አልኋቸው።

ያን ሰሞን ከአስናቀ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ያለ ይመር የሚባል የሰፈራችን ልጅ በፈቃድ መጥቶ ነበር። ፈቃዱ ሲያልቅ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ በመጨረሻው መኪና መውጣት አለበት። ፎቶው እሱ ሳይሄድ ከደረሰ ይወስደዋል። ካልደረሰ ግን እስከሚቀጥለው በጋ ማን ያውቃል? እመት ስንዱ ይመርን መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር፣ «አይዞህ፣ እየታጠበ ነው» ይሉታል፤ ገና ሳይነሱ።

የተነሱበትን ቀን አልረሳውም። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ ግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ሙሉቀን አብሮን አልሄደም፤ ተማሪ ብቻውን ካልሠራ አይማርም የሚል ነበር። እኔ ካሜራውን፣ ፋንታዬ ቴፑን ይዘናል። እመት ስንዱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ «በል አንሳኝ» አሉ። «እሺ እመት» አልሁና ተጫንሁት። ጨረስሁ እስክላቸው አልተነፈሱም። ሌሎቹም ልጆች እንዲሁ በየሰፈራቸው ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አነሱ፤ ካህናቱንም አነሱ። ፊልሙ አለቀ። የጭነት መኪና ሾፌር ደሴ ድረስ ወሰደልን።

ተመልሶ የመጣው ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ በጀመረበት ሳምንት ነው። ሙሉቀን ፖስታውን ክፍል ውስጥ ከፈተው፤ ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተናል። መጀመሪያ የወጣው ፎቶ የአንድ ቄስ ጫማና የመቋሚያቸው ጫፍ ነበር። ሁለተኛው ሁለት ባዶ እግሮችና አንድ ድመት። ሦስተኛው የበዓል ቀሚስ ጠርዝ፣ መደብ፣ ከመደቡ በታች የተንጠለጠሉ ሁለት እግሮች። እመት ስንዱ። ሙሉቀን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። እርስ በርስ የተነሣሣነው ፎቶ፣ አህያው፣ ዛፉ፣ ሁሉም በደንብ ወጥቷል። ሽማግሌ ያለበት ፎቶ ግን አንድም ራስ የለውም። ከወገብ በታች ነው ላስታ በሙሉ።

«ካሜራው ነው» አለ ሲሳይ። ሙሉቀን ባዶውን ካሜራ ለሲሳይ ሰጠው፣ ነጠላ ከፋንታዬ ተውሶ ተከናነበ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠና ድምፁን አወፈረ። «በል ልጄ፣ እኔ አባ ነኝ። አንሳኝ።» ሲሳይ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ «እሺ አባ» አለ። እሺ ሲል አንገቱ ጎንበስ አለ፣ ካሜራውም አብሮት ጎንበስ አለ፣ ጣቱም ተጫነ። መጀመሪያ ፋንታዬ መሳቅ ጀመረች። ሁላችንም ተራ በተራ ሞከርነው። ራሱን ቀና አድርጎ ታላቅ ሰው ፊት እሺ ማለት የቻለ አንድም አልነበረም። ማን ያስለምደን? ከልጅነታችን ጀምሮ የታላቅን ፊት ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሙሉቀን ወንበሩ ላይ እንደተከናነበ ሲስቅ እንባው ወረደ። «አስተዳደጋችሁ ፊልም ላይ ወጣ» አለን።

እኔ ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ። ይመር ሰኞ ነው የሚሄደው። ፊልም የለም፤ ቢኖርም ደሴ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ የለም። ሙሉቀን ፊቴን አይቶ ፎቶውን አነሳና፣ «ና፣ ራሳችን እንንገራቸው» አለኝ።

እመት ስንዱ ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ገለበጡት። ጀርባውን አዩ፤ ቀሪው እዚያ ያለ መስሏቸው ይሆን አላውቅም። «እግሬ ነው» አሉ። «አዎ እመት» አልሁ፤ አንገቴ ጎንበስ አለ። «ራሴንስ የት ጣላችሁት?» አሉ። «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ቅቤ የተቀባሁት ለእግሬ ነው እንዴ?» ሙሉቀን ከትከት ብሎ ሳቀ፤ እሳቸውም ሊስቁ ነበር፤ ግን ወዲያው ፊታቸው ጠቆረና ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ልጄ ታዲያ በምን ያስታውሰኝ?» አሉ። ይሄን ጊዜ ነው ሙሉቀን ቴፑን ከትከሻው ያወረደው። «በድምፅዎ» አላቸው። «ይመር እንዳለው ከአስናቀ ጋር ያሉት ወታደሮች ቴፕ አላቸው።»

ችግሩ ባትሪው ነበር። ደክሟል፤ ፀሐይ ደግሞ የለም፤ ሰማዩ እንደ ጣሪያ ዝቅ ብሏል። ሙሉቀን ድንጋዮቹን አወጣና ለሲሳይ፣ ለፋንታዬ፣ ለእኔ አደለን፤ ልጆቹ ሁሉ ተከትለውን መጥተው ነበር። «ብብታችሁ ሥር» አለ። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ እኛ ባትሪ እንደ ዶሮ እንቁላል ታቅፈን መደቡ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሲሳይ «እኔ ያቀፍሁት ተርገበገበ፣ ሊፈለፈል ነው» አለ። እመት ስንዱም፣ «ቀስ በል፣ አውራ እንዳይሆን፤ አውራ አይጥልልንም» አሉት።

ሲሞቅ ገባ። ቀይዋ ቁልፍ ተጫነች። እመት ስንዱ ወገባቸውን አቀኑ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሰላምታ ጀመሩ። እንደምን ሰነበትህ ልጄ አስናቀ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ፣ እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያንተ ደህንነት ነው የሚያሳስበኝ፣ አለቃህ ደህና ናቸው ወይ፣ ጓደኞችህ ደህና ናቸው ወይ፣ አጎትህ ደህና ነው፣ የአጎትህ ሚስት ደህና ናት፣ ቀያ ላም ደህና ናት፣ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ደህና ናት። ሰላምታው አላልቅ አለ። ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም፤ ደብዳቤ ሲያጽፉኝ እንደሚናገሩት ነው፣ እንደ ደረቀ እንጨት። ካሴቱ ይዞራል፤ ባትሪው መቼ እንደሚሞት አይታወቅም። ሙሉቀን ያየኛል። እኔ ዓይኔን አሸሸሁ፤ ያሳረፍሁት ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ባለው ፎቶ ላይ ሆነ።

ያኔ ነው የቀኝ እግራቸውን ትንሽ ጣት ያየሁት። ጠማማ ናት፣ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ጎን የዞረች። ዕድሜዬን ሙሉ ጎረቤታቸው ሆኜ አይቻት አላውቅም። «እመት» አልሁ፤ ተንተባተብሁ፤ «ይቺ... ይቺ ጣትዎ ምን ሆና ነው?»

ወደ ፎቶው አጎነበሱ። «ይቺ? ይቺማ የእሱ ሥራ ናት!» ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። «አሸተን ማርያም ይዤው ወጥቼ፣ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ስንመለስ እግሬን አመመኝ ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ። አዘልሁት። ያቺ ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቆ የሚታለፍባት ጠባቧ መንገድ የለችም? እዚያ ስገባ እግሬ ከድንጋይ ተላተመ። ጣቴ ቀው አለች። ዓይኔ ጨለመ። እሱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እማዬ፣ ተጠንቀቂ እንጂ፣ ልትጥይኝ ነበር!» እዚህ ላይ ሳቁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው፤ መጀመሪያ ትንፋሽ የሚመስል፣ ከዚያ እንደ ሳል የሚቆራረጥ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ሳቅ ነው። ጎረቤት ሆኖ ያንን ሳቅ የማያውቅ የለም። «ጭራሽ እኔን ተቆጣኝ! ተሸክሜው! አስናቀ፣ ትሰማኛለህ? ዛሬ ባገኝህ በዚችው ጣት ነው የምረግጥህ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። በየእግራቸው ጠባሳ አንድ አንድ ታሪክ ነበር፤ በሁሉም ውስጥ አስናቀ አለበት። ባትሪው ሲደክም የመጨረሻው ቃላቸው እየረዘመ፣ እየወፈረ ሄዶ ቀጥ አለ። ሙሉቀን ካሴቱን አወጣ። «ፎቶውንስ እንተወው?» ስላቸው፣ «ለምን ሲባል? ይሂድ እንጂ። እዚሁ እግሬ ሥር አይደል ያደገ» አሉኝ።

ይመር ሰኞ ዕለት በመጨረሻው መኪና ሄደ። ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከቶታል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።

ያን ክረምት ግን ሥራ አልፈታንም። ሙሉቀን ከእመት ስንዱ ቤት ስንመለስ ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ «አገኘነው!» ብሎ ጮኾ ነበር። ፎቶዎቹን በሙሉ ለየባለቤቶቻቸው ይዘን እንድንመለስ አደረገ። ጥያቄያችን አንድ ሆነ፤ ይሄ እግር የት የት ሄዷል? እንዲህ ስንላቸው ንጉሡን የሚያነሳ ጠፋ። ማን ለሠርጉ ስንት አገር እንዳቋረጠ፣ ማን በረሃብ ዘመን ከብቱን ይዞ ወዴት እንደወረደ፣ ማን ከአማቱ ሸሽቶ የትኛው ዋሻ እንዳደረ፣ ሁሉ ወጣ። ፋንታዬ አንዳንዱን ስትቀዳ ከሳቅ ብዛት ቴፑን ጥላው ታውቃለች።

ሲጠናቀቅ በቀበሌው አዳራሽ ሰቀልነው፤ ፎቶው ከላይ፣ ቃላቸው በእጅ ተጽፎ ከታች። ሊቀመንበሩ ለመመረቅ መጡ። ክበቡን የፈቀዱልን ሰፊው ሕዝብ ሥራ ላይ ሳለ እንድናነሳ ብለው ነበር። ዞረው ዞረው አዩና፣ «ጓድ አስተማሪ፣ በዚህ ቀበሌ ራስ ያለው ሰው የለም?» አሉ። ሁላችንም ደረቅን፤ ያ ጊዜ ቀልድ የማይታወቅበት ጊዜ ነው። ሙሉቀን ግን ፊቱ ሳይለወጥ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕዝቡ በሁለት እግሩ መቆሙን ነው ያሳየነው» አላቸው። ሊቀመንበሩ ሊቆጡ ነው ሊስቁ ነው ሳይለይ አንዱ ፎቶ ፊት ቆሙ። የገዛ አባታቸው እግር ነው፤ በጫማው አወቁት። ከሥሩ ያለውን ማንበብ ጀመሩ። አባታቸው ለፋንታዬ የነገሯት ነው፤ ልጃቸው ትኩሳት ይዞት ትከሻቸው ላይ አድርገው እስከ ወልዲያ ሐኪም ፍለጋ በእግር እንደወረዱ፣ ልጁ መንገድ ላይ ትከሻቸው ላይ እንደሸናባቸው ሁሉ አልቀረም። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይሄን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ይቆይ። ገበያ የመጣ ሰው ሁሉ ይየው» አሉ። አንድ ነገር ግን አዘዙ፤ የሽንቱ ነገር እንዲሰረዝ። ሲሳይ በአንድ መስመር ሰረዘው፤ በአንድ መስመር የተሰረዘ ደግሞ ይነበባል።

መስከረም ጠባ፣ መስቀልም አለፈ። እመት ስንዱ ስለ ካሴቱ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ ግን የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ከሰዓት ሾፌሩ ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ለሙሉቀን ሰጠው። ያው ካሴት ነው። ተመልሶ መጣ ማለት ምን ማለት ነው? ወንድሜ ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ለእመት ስንዱ ሳያሳይ መጀመሪያ ብቻውን ሊሰማው ፈልጎ ነበር። ግን እሳቸው መኪናውን ሰምተው ቁልቁል እየወረዱ ነው።

እኛው ግቢ፣ ብቅሉ አጠገብ፣ ባትሪው ከተሰጣበት ተነሥቶ ገባ። መጀመሪያ የምናውቀው የእሳቸው ድምፅ ወጣ። ሙሉቀን ካሴቱን ገለበጠው። ሹክሹክታ፣ ሳል፣ ከዚያ የጎረምሳ ድምፅ፤ «እንደምን ሰነበትሽ እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ ቀያ ላም ደህና ናት ወይ፣ ጥጃዋ ደህና ናት ወይ...» ከኋላው ብዙ ወንዶች አንድ ላይ፣ «ደህና ናት!» ብለው ይመልሳሉ፤ ይሳሳቃሉ። ለካ ካሴቱን ብዙ ጊዜ ሰምተውት ሰላምታውን በቃላቸው ይዘውታል። የጎጃሙም የሸዋውም ልጅ እመት ስንዱን እናቱ አድርጓቸዋል። ከዚያ አስናቀ ቀጠለ፤ «እማዬ፣ እግርሽ ደርሶኛል። ቀሪውን ደግሞ ቀስ ብለሽ ላኪልኝ።»

ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ። እመት ስንዱ ግን አልሳቁም፤ ወደ ቴፑ ተጠግተው ነበር። «እና ደግሞ» አለ ድምፁ፣ «ልትጥይኝ ነበር አላልሁም። ጥለሽኛል!» እመት ስንዱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ውሸታም! አልጣልሁህም! ማርያም ምስክሬ ናት!» ቴፑን ነው የሚቆጡት። እሱም እንደሰማቸው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስትስቂ ጊዜ መልክሽ መጣልኝ። ጥርስሽ ሁሉ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋኝም» አለ።

ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እናታችን አጠገባቸው ተቀመጠች። ቆይተው፣ «ድገመው» አሉት ወንድሜን። ደገመው። ባትሪው እስኪያልቅ ደገመው፤ ሲያልቅም እኛ በተራ ታቀፍነው።

አስናቀ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ፤ ግራ እጁ እንደ ድሮው ባይታዘዝለትም ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ እናቱ ፊቱን ዳብሰው ሳይጨርሱ፣ ጥለሽኛል አልጣልሁህም የሚለው ክርክር ቀጠለ ይባላል። እኔ ያኔ ወልዲያ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ፤ አልደረስሁበትም።

ዛሬ ላሊበላ አስፋልት ገብቶላታል። የመኪናው መንገድ ክረምት ከበጋ አይዘጋም። የሰፈራችን ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ሽማግሌውን ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን ያነሷቸዋል፤ ራሱም ሙሉ ነው፣ ጥርሱም ይታያል፣ እዚያው ያሳዩዋቸዋል። አልከፋኝም። እንዲያውም ቀናሁባቸው። እኛ አንድ ፎቶ ለማየት መኪናና ሰማይ ስንለምን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከብደኝ። ያን ጊዜ ሰው ሲጠፋብን በምን እንደምንመልሰው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረን፤ እሱ ራሱ ሲሄድ ማንን ልጠይቅ?

ለአርባው የሚሆን ፎቶ ልንመርጥ የወንድሜ ልጅ ሕሊና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ነበር። ባለ ክራባቱ፣ የጡረታው ዕለት የተነሣው፣ አበባ የያዘበት። ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱን ግን በጣቷ ቶሎ ገፋችው። «ቆይ፣ መልሺው» አልኋት። ጋሸና ላይ ነው፤ ከሐኪም ሲመለሱ ምሳ ሊበሉ ወርደው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከባድ ጉርሻ አጉርሳዋለች። አንዱ ጉንጩ አብጧል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ አንድ እጁን አታንሺኝ ሊል ዘርግቷል፣ አፉ ሞልቶ ግን መናገር አልቻለም። «ይሄን ላጥፋው አጎቴ፤ አያምርም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፣ ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን።

ለአርባው ያሳተምነው ባለ ክራባቱን ነው፤ ደንቡ ነው። ይሄኛውን ለእኔ ላከችልኝ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እያኘከ ነው። ገና አልዋጠም።